ለጥየቃ የተሰፋ ጥቁር ልብስ

የሐበሻ በሽተኛ ከበሽታው ቢተርፍ ከብርቱካኑ አይተርፍም። ዓለምሰገድ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሰኞ ዕለት ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ከዚያ እስከ ዓርብ ናይሮቢ ያለ የአገሩ ሰው ሁሉ ዘንቢሉን ብርቱካን እየሞላ ተመላለሰ። ራስጌው ያለችው ቁም ሣጥን ሞላች፣ አልጋው ሥር ሞላ፣ ለጎረቤት በሽተኞችም ተረፈ። ሐኪሙ ደግሞ ብርቱካን እንዳያስቀምሱት አጥብቆ ከልክሏል። ማን ሰምቶት! ባዶ እጅ ከመሄድ የማይበላ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሙሉሸዋ ግን እንደ ሰው ብርቱካን ገዝታ መገላገል አልቻለችም። ሌላው ሰው የማይሆን ነገር ይዞ ቢሄድ የሚበሰብሰው ብርቱካኑ ነው። እሷ ከተሳሳተች ሁለት ዓመት ደብቃ የያዘችው ፍቅር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምሰገድ ደርግ ወጣቱን ከመንገድ እያፈሰ ጦር ሜዳ ሲልክ በሞያሌ በኩል ያመለጠ ልጅ ነው። ናይሮቢ ሲደርስ የተቀበሉት አክስቱ እትዬ እህተማርያም ነበሩ፤ በጃንሆይ ጊዜ መጥተው መሃል ከተማ ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ጾሙንም ዝክሩንም ሳያጓድሉ የኖሩ፣ የተቸገረ ሁሉ በራቸውን የሚያንኳኳባቸው ትልቅ ሴት። የራሳቸው ልጅ የላቸውምና የእህታቸውን ልጅ እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩታል። ሙሉሸዋ ደግሞ አባቷ ወንጌል ሰበክህ ተብሎ ከታሰረ በኋላ ተሰዳ የመጣች፣ ላቪንግተን በሚባል ሰፈር ፈረንጆች ቤት ልጅ የምትይዝ ስደተኛ ናት። እትዬ ስለ ሁለቱ የሰሙ ዕለት የተናገሯት ቃል በሰው በሰው ዞራ ጆሮዋ ደርሳለች። «የእህቴን ልጅ ለጴንጤ ሞግዚት የምድረው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው» ብለው ነበር።

ታዲያ ዓለምሰገድ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፋ የአክስቱን እጅ ይዞ፣ ከተረፍኩ የማገባት ሙሉሸዋን ነው አላቸው። ሴትዮዋ ያን ሰዓት ምን ይበሉ? እሺ አሉ። ከተረፈ በኋላም ቃላቸውን አላጠፉም። ዓርብ ዕለት ምግብ ቤታቸው ውስጥ የምትሠራውን ውዴን ላኩባት፤ ውዴ ከሙሉሸዋ ጋር አንድ ጸሎት ቤት የምትሄድ ጓደኛዋ ናት። መልእክቱ አጭር ነበር። እሁድ በጥየቃ ሰዓት፣ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ሰው ትምጣ፤ ሰው ሁሉ ይያት። ፊቷን ፈታ አድርጋ ትግባ፤ የአገር ቤት ወሬ ደግሞ እንዳታነሳ።

ውዴ ይህን ስትናገር ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሙሉሸዋ ከደስታዋ ብዛት አላስተዋለችም። በማታቱ ታክሲ ፌርማታ፣ በሱቅ በረንዳ፣ በተጣጠፈ ወረቀት የኖረ ፍቅር በጠራራ ፀሐይ አክስቱ ፊት ሊቆም ነው። ሌላ ምን ይታያት!

እና ምን ይዛ ትሂድ? አበባ የፈረንጅ ነው። አጥሚቱን እትዬ ራሳቸው ይዘውለት ይሄዳሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ብትወስድ ገና ከበሩ «ልትሰብከው መጣች» ይሏታል። ስታወጣ ስታወርድ የማክሰኞው ትዝ አላት። በምሳ ሰዓት፣ ጠያቂ በሌለበት፣ ለአሥር ደቂቃ ሾልካ ገብታ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቦ አገኘችው። በርዶት መስሏት ሌላ ልትደርብለት ስትል እጇን ያዛት።

«አልበረደኝም፤ አፍሬ ነው» አላት።

የሆስፒታሉ ልብስ ነጭ ነው፣ ያውም ከኋላው ክፍት። ከቁስሉ የሚወጣው ነገርና ቢጫው መድኃኒት ፊት ለፊቱ ላይ ይታያል፤ በቀን ሁለቴ ቢቀይሩለትም ሰው በገባ ቁጥር ያው ነው። ሱሪ እንዳያደርግ ስፌቱን ይጎረብጠዋል። ዓለምሰገድ ደግሞ በተተኮሰ ሸሚዝ ያደገ ሰው ነው። እናቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ባላቸው ሞቶ ቤታቸው ሲጎድል እንኳ ልጃቸውን ተጨማዶ ከደጃፍ አውጥተው አያውቁም። ስድስት ዓመት ሙሉ አላያቸውም፤ በመንገደኛ እጅ ከሚመጣ ደብዳቤ በቀር። «እማዬ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ታባርረኝ ነበር» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁም ስፌቱን ወጋው። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ብዙ ቆዩ። ሙሉሸዋ ያን አስተያየት ይዛ ላቪንግተን ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ማታቱ የሚባል ነገር መኖሩን ረስታ።

ስለዚህ ልብስ ትሰፋለታለች። ከፊት የሚከፈት፣ እጁን ወደ ኋላ ሳያዞር የሚያጠልቀው፣ ወገቡ ላይ ሰፋ ያለ፣ ጎኑ ላይ በጥብጣብ የሚታሰር ረጅም ጋውን። ቁስሉ ባለበት በኩል ስፌት የሌለው። ቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ መሃል ከተማ ወረደችና ራሂማ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ገባች። ራሂማ ጣቃውን ሁሉ አወረደችላት። ሙሉሸዋ እያንዳንዱን ጨርቅ በክንዷ ውስጠኛ ቆዳ ላይ እያሸች ሞከረችው። ቡናማው ይሻክራል። ሰማያዊው ቀለሙ ይለቃል፤ ቁስል ላይ ቢነካካስ? ነጩ አይታሰብም። እንደ ልብ የለሰለሰው፣ እድፍም ደምም የማይታይበት፣ አንዱ ብቻ ነበር። ጥቁሩ።

እጇ እዚያ ላይ ቆመ። ለታመመ ሰው ጥቁር? እናቷ ብትሆን ጨርቁን እንኳ አትነካውም፤ ገደ ቢስ ነው ትላለች። ግን ሙሉሸዋ ገድና ሟርት የፈሪ ሃይማኖት ነው እየተባለች ያደገች የወንጌላዊ ልጅ ናት። አባቷ ማክሰኞ መንገድ አይጀመርም ሲባል ሆን ብሎ ማክሰኞ የሚነሳ ሰው ነበር። ደግሞ የምትሠራበት ቤት አባወራው ጠዋት ጠዋት የሚደርበው ጋውን ጥቁር ነው፤ ምን ሆነ? ለማንኛውም ብላ ለአንገቱ ዙሪያ የሚሆን ነጭ ጥለት ጨመረችበት። ጥለት ያለው ልብስ ማን የሐዘን ይለዋል? የምትሠራበት ቤት እመቤት የስፌት መኪናዋን አዋሰቻት። ቀኑን ሙሉ ሰፋች፣ ተኮሰች፣ ላዩ ላይ እጇን ጭና ጸለየች። እንዲህ ደስ ብሏት የሠራችው ሥራ አልነበረም።

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ክፍሉ ሞልቶ ደረሰች። እትዬ እህተማርያም ራስጌው ተቀምጠዋል። አበባ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ግን አብጧል። የሐበሻ ነጋዴዎቹ ሽማግሌ አቶ መኳንንት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጋር አሉ፤ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ይስቃል። አቶ መኳንንት የማያስቅ ነገር ያወራሉ፣ ሰው ሁሉ ያለ ልኩ ይስቃል። ሙሉሸዋ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ተጫዋቾች ናቸው እንዴ ብላ ገረማት።

እትዬ ወንበር አሳዩዋት። «ቁጭ በይ» አሏት፤ ቁጣ የለበትም። ዓለምሰገድ ከአክስቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ አክስቱ ተመለከተና ፊቱ በራ። ሁለት ዓመት የለመነው ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አየዋ።

የወረቀቱን ጥቅል ሰጠችው። ፈታው። ጥቁሩ ጨርቅ ደረቱ ላይ ሲዘረጋ ሳቁ ቆመ። የእሱ አይደለም፣ የሰዎቹ። እሱማ እንደ ሕፃን ፈነደቀ፤ ከፊት መከፈቱን፣ ጥብጣቡን፣ ወገቡን እያገላበጠ አየ። የማክሰኞ እፍረቱን እንደሰማችለት ገብቶት ቀና ብሎ ሲያያት ሙሉሸዋ መሬቱ ከሥሯ የራቀ መሰላት። አሁኑኑ ልልበሰው አለ። አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አሁን ይደክምሃል፣ ለነገ ይቆይልህ አሉት። ወይዘሮ ሙሉነሽ ልብሱን ቀስ አድርገው ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ እንቢ አለ። ሙሉሸዋ የሞግዚት ስጦታ ንቀው ነው ብላ አንገቷን ደፋች። እትዬ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨብጠው ተቀምጠዋል። ሲስተሯ መጋረጃውን ስባ አለበሰችው።

መጋረጃው ሲከፈት ዓለምሰገድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ጥቁር በጥቁር፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

«እንዴት ነኝ? ሙሽራ አልመስልም?» አለ።

ያኔ ነው እትዬ እህተማርያም ከወንበራቸው የወደቁት።

«የሺዬ! የሺዬ እህቴ! ልጅሽ ጥቁር ለበሰልሽ!»

የዓለምሰገድ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ፈገግታውም ገና ከፊቱ አልጠፋም። አክስቱን አየ፣ አቶ መኳንንትን አየ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ የጎሰጎሱትን ወይዘሮ ሙሉነሽን አየ። አንድም ሰው ዓይኑን አላሳየውም። «እማዬ?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ከዚያ የወጣው ጩኸት ኮሪደሩን ሁሉ አንጫጫው። ሲጮህ ስፌቱ ለቀቀ። ነርሶቹ ቁስሉ ጋር ለመድረስ ሙሉሸዋ የሰፋችውን በመቀስ ቀደው ጣሉት፣ እሱንም እየገፉ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰዱት።

ወይዘሮ የሺወርቅ ሞተው አራተኛ ቀናቸው ነበር። ስልኩ ሐሙስ ጠዋት ለእትዬ ተደወለ። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ሆዱ ለተቀደደ ሰው አይነገርም። ስፌቱ ሲወጣ፣ አቅም ሲያገኝ፣ ሽማግሌና ካህን ተሰብስበው፣ ሰው በግራ በቀኝ ደግፎት ይነገረዋል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይለጉም፣ ጥቁር የለበሰ ደጁን አይርገጥ ተባለ። ሴትዮዋ የገዛ እህታቸውን ሞት ዋጥ አድርገው ቢጫ ቀሚስ ለብሰው አራት ቀን የሳቁት ለዚህ ነው። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው አንዲት ሙሉሸዋ ብቻ ነበረች። እትዬ ውዴ ትነግራታለች ብለው፣ ውዴ እትዬ ካልነገሯት መቼ ይጠሯት ነበር ብላ፣ ጸሎት ቤት ያሉትም ውዴ ጓደኛዋ አይደለችም እንዴ ብለው፣ ነገሩ በሁሉ እጅ አለፈና እሷ እጅ ሳይደርስ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ሙሉነሽ መጡባትና «ሟርተኛ! ከል ሰፍተሽ መጣሽ?» አሏት። ምን ብላ ትመልስ? አላወቅኩም ብትል ማን ያምናታል፤ ጥቁሩን መርጣ የገዛችው እሷ፣ የሰፋችው እሷ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ ዋለች። ሲስተሯ ወጥታ እንደ አገሯ ሰው በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ብላ አይዞሽ እያለች ትከሻዋን ስትዳብሳት ሰውነቷ ተፈታና አለቀሰች።

ዓለምሰገድ ተረፈ፤ ሦስት ሳምንት ግን ሆስፒታል ተኛ። ሙሉሸዋ በነዚያ ሳምንታት ሦስት ደብዳቤ ጻፈችለት። በመጀመሪያው አለማወቋን፣ በሁለተኛው ይቅርታዋን፣ በሦስተኛው እንደምትወደው ብቻ። ውዴ እያለቀሰች አደረሰችላት። መልስ የለም። ጸሎት ቤት ያሉት እህቶች ጌታ በሩን ሲዘጋ ተይው አሏት። እሷ ግን ጌታ መቼ አናገራችሁ ብላ ተቆጣቻቸው። በሃያኛው ቀን አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጣች፣ በእሱ እጅ የተጻፈች። «ቅዳሜ እወጣለሁ። ለቅሶ እቀመጣለሁ። ነይ።» ሙሉሸዋ ነይ የምትለዋን ቃል መቶ ጊዜ አነበበቻት። የፍቅረኛ ዓይን ሲያነብ የሚፈልገውን ነው የሚያገኘው፤ እሷም ምሕረት አገኘችባት።

ቅዳሜ የእትዬ ቤት ደረጃው ድረስ ሰው ሞልቶ ነበር። ሙሉሸዋ ጥቁር ለብሳ ስትገባ ሹክሹክታው ቀድሟት ገባ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ፊታቸውን አዞሩ። በሩ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል እትዬ እህተማርያም ከፍራሹ ተነሱ። ሐዘን አክስቷቸዋል። መሃል ቤት ድረስ መጥተው እጇን ያዙና ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ።

«ይህችን ልጅ ሟርተኛ ያላችሁ ሁሉ አፋችሁን ያዙ። ለሌላው ሁሉ ሲነገር እሷን የዘለልኳት እኔ ነኝ፤ ከሰው አልቆጠርኳትማ። የጮህኩትም እኔ ነኝ። ልብሱማ ምን አደረገ? እናት ነበር የምትሰፋው እንዲህ ያለውን።»

ሙሉሸዋ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም አንስተዋት አብረው አለቀሱ። ሁለት ዓመት የቆመው ግድግዳ በአንድ ቃል ፈረሰ፣ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ዓለምሰገድ ከወንዶቹ መሃል ሆኖ ሁሉን አይቷል። ሆዱን በእጁ ደግፎ ተነሳና በጓሮ በኩል ወዳለው ሰገነት እንድትከተለው ምልክት ሰጣት። ልቧ እየዘለለ ተከተለችው።

ከታች የመኪናው ጥሩምባና የማታቱ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል። በጣም ከስቷል። የአቶ መኳንንትን ጥቁር ኮት ደርቧል፤ ይሰፋዋል። የሰገነቱን ብረት ይዞ ወደ መንገዱ እያየ ቆመ፣ ወደ እሷ አልዞረም።

«ደብዳቤዎችሽን አንብቤያቸዋለሁ» አላት። «አለማወቅሽን የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ። ቂም የለብኝም ሙሉዬ። ይቅር የምልሽ ጥፋትም የለሽም።»

«ታዲያ ለምን አታየኝም?»

ሙሉሸዋ ጠበቀችው፤ ሐዘኑ ነው፣ ይወጣለታል ብላ። ሲናገር ቀስ ብሎ ነበር።

«ሰዉ ሁሉ የሚያዝንልኝ ድንገት በመስማቴ ነው። እሱ አይደለም የጎዳኝ። እናቴ መሬት ከገባች በኋላ እኔ ስቄያለሁ። እሷ ሞታ ጥቁር ለብሼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ሙሽራ አልመስልም ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንቺን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ልቅሶው አይደለም። ያ ደስታ ነው። እሱን ነው የማልችለው።»

ሙሉሸዋ ለጥፋት ቢሆን ይቅርታ ነበራት። ለጥላቻ ቢሆን ትዕግሥት ነበራት። ደስ ስላሰኘችው ሰው ምን ብላ ትከራከር? ያን ልብስ ባታሳምረው ኖሮ፣ ማክሰኞ ዕለት እፍረቱን ባትሰማለት ኖሮ፣ እንደ ሰው ሁሉ ብርቱካን ገዝታ ብትሄድ ኖሮ ዛሬ የእሱ ነበረች።

«ጊዜ ቢያልፍስ?» አለች በመጨረሻ። «ተዝካራቸው ቢወጣ፣ ዓመት ቢሞላ?»

«አላውቅም። ጠብቂኝ ብልሽ ኃጢአት ነው የሚሆንብኝ። አትጠብቂኝ።»

አሁን ገና ዞሮ አያት። ዓይኖቹ የዚያው የሚወዳት ሰው ዓይኖች ነበሩ፤ የከፋውም እሱ ነው። ቢጠላት ይቀላት ነበር። እጁን ወደ ፊቷ አነሳና ሳያደርሰው መልሶ ብረቱን ያዘ። ሙሉሸዋ ነጠላዋን አስተካከለች። እግዚአብሔር ያጽናህ አለችው፣ ማንኛውም ለቀስተኛ እንደሚለው። እሱም አሜን አለ።

እንባዋን እዚያው በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ በቤቱ መሃል አለፈች። እትዬ እህተማርያም በሩ ላይ ደረሱባት። ፊታቸው ከቅድሙ ቀለል ብሏል፤ ሁለቱ ተነጋግረው የታረቁ መስሏቸዋል። ትከሻዋን ያዙና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ እህቴ ብትሄድም እግዚአብሔር ባዶ ቤት አላስቀረኝም አሏት።

«ነገም ነይ ልጄ። ከእንግዲህ ቤትሽ ነው» አሉ።

እኚህ ሴት ከዚያ ቀን በፊት በስሟ እንኳ ጠርተዋት አያውቁም ነበር። ሙሉሸዋ ያበጡትን ዓይኖቻቸውን አየች። እህታቸውን አልቅሰው ሳይጨርሱ ሌላ መርዶ እንዴት ትነግራቸዋለች? ይህም ወግ አለው። አቅም ሲያገኙ፣ ሐዘናቸው ሲቀል፣ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል።

«እሺ እማዬ፣ እመጣለሁ» አለቻቸው። ፊቷን ፈታ አድርጋ ደረጃውን ወረደች።